ወደኋላ የሚሄደው ልጅ

አርዲት ሆሊስን በዚያ ሜዳ ድምፅ ማጉያ ማንም በስሟ ጠርቷት አያውቅም።

የሌቨሬት ከተማ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉም አንድ ቀን ተጠርቷል። የባንኩ ሥራ አስኪያጅ ለመብራቱ ምሰሶ ስላዋጣ ተጠራ፤ የፓስተሩ ሚስት ኬክ ስለጋገረች ተጠራች። ሌላው ይቅር፣ አምና ጨዋታ መሀል ገብቶ ኳስ ነጥቆ የሸሸው የሎኒ ፔትሪ ውሻ እንኳ በስሙ ተጠርቶ ሕዝቡ ቆሞ አጨብጭቦለታል። አርዲት ግን ባሏ ሆይት በሕይወት ሳለ የሜዳውን መስመር በኖራ ሲያሰምር ባልዲውን ተሸክማ ተከትላዋለች፤ የልጆቹን መለያ ከጭቃና ከደም አጥባ በጓሮዋ ሽቦ ላይ አስጥታለች፤ በየመኸሩ ለሴቶቹ ልጆች የደረት አበባ ሠርታለች፤ አሠልጣኙን ራሱን አምጣ ወልዳለች። ይህም ሆኖ ማይክ የሚይዘው ሰውዬ ዐይኑን በባዶ ወንበር ላይ እንደሚያሳልፍ በእሷ ላይ ያሳልፈዋል።

ስለ ጨዋታው አንድ ነገር ተናግራ እንደሆነማ ወንዶቹ ይጠቃቀሳሉ። ያልተማረች አሮጊት ምን ታውቃለች? አለመማሯስ እውነት ነው። ትምህርት ቤት የገባችው ጥጡ እስኪደርስ ነበር፤ ጥጡ ደረሰ፣ እሷም ወጣች፣ አልተመለሰችም። ዐይኗን ግን እዚያ ትታው አልወጣችም።

መሬቱ በዚያ አገር እንደተዘረጋ አንሶላ ነው፤ ሰማዩም ሳይጠራ እንደመጣ እንግዳ እስከ ደጃፍ ድረስ ይወርዳል። ጥቅምት ሲገባ የጥጥ መዳመጫው ቀን ከሌት ማጉረምረም ይጀምርና ነጭ ብናኝ በየሽቦው፣ በየመስኮቱ፣ በየሰዉ ቅንድብ ላይ ያርፋል። መንገዱ ግራና ቀኙ በረዶ የጣለበት ይመስላል፤ ሲነኩት ግን አይቀዘቅዝም። አርብ አመሻሽ ላይ የሜዳው መብራት ሲበራ ብናኙ በብርሃኑ ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል፤ ያን ጊዜ የሚጫወቱት ልጆች ውኃ ውስጥ ያሉ ይመስላሉ።

የልጅ ልጇ ብራንት በዚያ መኸር በየሳምንቱ የሚሰምጠው እዚያ ውኃ ውስጥ ነበር።

ብራንት የቡድኑ ወርዋሪ ነው። በዚህ የአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ ሁሉም ነገር ከወርዋሪው እጅ ይጀምራል፤ ኳሱን ይቀበላል፣ ወደኋላ እየተራመደ ለማን እንደሚወረውር ሩቅ ሩቅ ያያል። ከፊቱ አምስት ግዙፍ ልጆች ተደርድረው ባላጋራን ያግዱለታል። ባላጋራ ደግሞ ኳሱ ከእጁ ሳይወጣ ሊደፋው ይመጣል። ከተደፋ ነገር ተበላሸ። አሥር ያርድ ለመሄድ አራት ዕድል ብቻ ነው የሚሰጥህ፤ ልጁ አንዴ ወደኋላ ሲደፋ አሥሩ ወደ ሃያ ይጠጋል። ሃያውን ለመሄድ ሩቅ መወርወር ሊኖርብህ ነው፤ ሩቅ ለመወርወር ብዙ መቆም አለ፤ ብዙ ሲቆም ደግሞ ዳግመኛ ይደፋል። ከዚያ ኳሱን በእግር ለግተህ ለባላጋራ አስረክበህ ወደ ዳር ትወጣለህ። እንዲህ ነው አንድ ቡድን የራሱን ጭራ እያሳደደ የሚሞተው።

መጀመሪያ ላይ እንዲህ አልነበረም። ነገሩ የተበላሸው በግራ በኩል የሚያግደው ትልቁ ልጅ ቁርጭምጭሚቱን ከተሰበረ ወዲህ ነው። በቦታው የገባው ልጅ ቅን ነው፣ እናቱን ያክብርልን፣ ነገር ግን በር ላይ እንደ ተሰቀለ መጋረጃ ነው፤ የፈለገ ገፋ አድርጎት ያልፋል። ይህን ሕዝቡ ሁሉ ያያል። አሠልጣኙ ሮይስ ሆሊስም ያያል። ሮይስ የአርዲት ልጅ ነው፤ የብራንት አባት ነው። አይቶም አንድ ነገር አልቀየረም፤ በየሳምንቱ ልጁን ወደኋላ፣ ብዙ ወደኋላ ይልከዋል፤ በየሳምንቱ ልጁ ይደፋል።

«አንቺ አርዲት» አላት ሎኒ ፔትሪ አንድ አርብ፣ ከብረቱ ደረጃ ላይ ከጎኗ ተቀምጦ። ሎኒ ዕድሜውን በመዳመጫው የጨረሰ፣ ጆሮው የደከመ፣ ምላሱ ግን ያልደከመ ሽማግሌ ነው። «የልጅ ልጅሽ ኮከብ መቁጠር ይወዳል እንዴ? ሁልጊዜ በጀርባው ነው።»

«ውሻው ተጠርቶ እሱ ያልተጠራ ሰው፣ አርፎ ቺፕሱን ይብላ።»

«ኧረ እኔስ አዝኜለት ነው። ጥንቸል ስለሆነ ይሮጣል ብዬ ነበር።» የቡድኑ ስም ጥንቸሎች ነው፤ ማን እንዳወጣው አይታወቅም።

«ልጆቻችሁን ጥንቸል ብላችሁ ስትሰይሙ ምን ጠብቃችሁ ነበር?» አለች አርዲት። «አንበሳ ሲሸሻቸው ልታዩ?»

ሎኒ ሳቀ። ከረጢት ውስጥ ባለው የበቆሎ ቺፕስ ላይ የፈሰሰውን ቀይ የሥጋ ወጥ በማንኪያ እያወጣ ጎረሰ፤ ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ያ የኦርኔላስ ልጅ የት ሄዶ ነው?» አለ። «ቹይ። ድሮ ከጎኑ ይቆም አልነበር?»

አርዲት ስታየው የሰነበተችው ነገር ነው። ቹይ ኦርኔላስ አጭር ነው፣ ሰፊ ነው፣ እንደ በርሜል ነው። ጨዋታው ሲጀመር ወርዋሪው አጠገብ የሚቆመው ሯጭ እሱ ነው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በአርዲት ጓሮ አብረው አድገዋል፤ አምና አንዱ ባላጋራ አምስቱን አልፎ ሲመጣ ቹይ ደረቱን ሰጥቶ ያስቀረው ነበር። ዘንድሮ ግን ኳሱ ሲነሳ ቹይ ወደ ዳር ይሮጣል፤ እጁን ዘርግቶ ሩቅ ቦታ ላይ ብቻውን ይቆማል። ብራንት ደግሞ እዚያ መሀል ብቻውን።

ቤት ውስጥ ብራንት ዝም አለ። እናቱ አፉን ሳይፈታ ዳላስ ሄዳ ሌላ ትዳር ይዛለች፤ ያሳደገችው አርዲት ናት። ስለዚህ ዝምታውን እንደ እጇ መዳፍ ታውቀዋለች። የድካም ዝምታ አለው፣ የቁጣ ዝምታ አለው፤ ይሄ ሌላ ነበር። አንድ ከሰዓት ወጥ ቤት ተቀምጦ ወተት ሲጠጣ ነፋስ የወንፊቱን በር አንኳኳው፤ በሩ ጓ! ብሎ ተዘጋ። ልጁ ብርጭቆውን ለቀቀ። ትከሻው ጆሮው ድረስ ወጣ፣ ሁለት ክንዱ ደረቱ ላይ ተቆለፈ፤ የሌለ ኳስ አቀፈ። ወተቱ ጠረጴዛው ላይ ሲፈስ ሁለቱም አዩት፤ አንዳቸውም አልተነሱም።

«እማማ» አላት ቆይቶ፣ ፊቱን ሳያዞር። «ከዚህ በኋላ ኳስ አልነካም ብል ትቀየሚኛለሽ?»

አርዲት ጨርቅ አንስታ ወተቱን ጠረገች። ይህ ልጅ ገና እየተንፏቀቀ ሳለ ድንች የሚወረውር፣ ሲያድግ በጓሮው የመኪና ጎማ ሰቅሎ ጀንበር እስክትጠልቅ በቀዳዳው የሚያሳልፍ ልጅ ነው። በጨዋታ ቀን ጠዋት እየዘፈነ የሚነሳ ልጅ ነው።

«ይበቃኛል የምትለው ጠግበህ ነው ወይስ ፈርተህ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የጠገበ ሰው ወንበሩን ስቦ ይነሳል። የፈራ ሰው ወንበሩን ይገለብጣል።»

ልጁ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «የእግር ኮቴ እሰማለሁ» አለ። «ሳይመጡም እሰማቸዋለሁ። ሜዳውን ማየት ሲገባኝ እያዳመጥኩ ነው የምውለው።»

«ለአባትህ ነግረኸዋል?»

«አባባ ‘ቆመህ ወርውር’ ነው የሚለኝ።» ብርጭቆውን አንስቶ ወደ ገንዳው ወሰደው። «ኳሱን ወደ ውጭ ልጥለው እችል ነበር፤ ከመደፋት ይሻላል። ግን ፈራ ይሉኛል።»

ይሉኛል! አርዲት ያቺን ቃል ስትሰማ ጥርሷን ነከሰች። ይሉኝታ በዚያ ቤት ከአያት ወደ አባት፣ ከአባት ወደ ልጅ እንደ አፍንጫ ቅርፅ ሲወርድ የኖረ ነገር ነው።

በማግስቱ ከምሳ በኋላ በረንዳው ላይ ባለው ወንበር እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሕልምም አየች። ብራንት ኳሱን ተቀብሎ ወደኋላ ይራመዳል። ፊቱ ወደ እሷ ነው፤ ዐይኑ ግን አያያትም። ይራመዳል፣ ይራመዳል፤ የሜዳውን መጨረሻ መስመር አለፈ፤ አጥሩን አለፈ፤ አጥሩም እንደ ጭስ አሳለፈው። በመዳመጫው አጠገብ፣ በውኃው ማማ ሥር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ እየተራመደ ያልተለቀመ ጥጥ ውስጥ ገባ። ነጩ ጥጥ እስከ ወገቡ፣ ከዚያ እስከ ደረቱ መጣ። የሚያሳድደው ማንም የለም። ነፋስ እንኳ የለም። ባሏ ሆይት የኖራ ባልዲውን ይዞ በጥጡ መሀል ቆሞ ነበር፤ ልጁ ሲያልፍ ባርኔጣውን አነሳና ሰላም አለው እንጂ አላስቆመውም። «ያዘው እንጂ!» ብላ ጮኸች። ሆይት ወደ እሷ ዞሮ ነጭ የሆነውን እጁን አሳያት፤ እንደ ሞተ ሰው በትሕትና ፈገግ አለ። ልጁ ቁራ እስኪያክል አነሰ፤ ከዚያ ነጥብ ሆነ፤ ከዚያ ሰማዩ ብቻ ቀረ።

ስትነቃ ቅንድቧ ላይ ብናኝ ጥጥ አርፎ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሮይስ ምሳ ሊበላ መጣ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ወንበር ያቃስታል። አርዲት የተጠበሰ ዶሮና የፔካን ኬክ አቀረበች፣ ብራንትን ለቹይ አያት ኬክ አድርስ ብላ ሰደደችው፤ በሩ ሲዘጋ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ቹይን ለምን ከልጁ ጎን አነሳኸው?»

«እማዬ፣ ዛሬ እሑድ ነው።»

«እሑድ መሆኑን ከፓስተሩ ሰምቻለሁ። የጠየቅኩህን መልስ።»

ሮይስ አፉን ጠረገ። «ቹይ ወደ ውጭ ሲወጣ አንድ የሚቀበል ሰው ይጨመርልኛል። ቁጥር ነው ነገሩ። አንቺ ይሄን…»

«አንቺ ይሄን አታውቂውም በለኝ። በለኝ እንጂ፣ ሁሉም ያለኝ ነው።»

«አላልኩም።»

«ያ የምትጨምረው ሰው ኳስ ደርሶት ያውቃል?»

ሮይስ ወደ መስኮቱ ዞረ። ውጭ የመዳመጫው ድምፅ እንደ ሩቅ ባሕር ያጉረመርማል። የሻይ ብርጭቆውን በጣቱ አዞረው፤ ሲናገር ድምፁ እንደ ትንሽ ልጅ ሆነ። «በነዳጅ ማደያው ጠዋት ጠዋት የሚቀመጡትን ታውቂያቸዋለሽ። የሚሉትን ታውቂያለሽ? ‘የአባቱ ልጅ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ቢሆን ወርዋሪ አይሆንም ነበር።’ ልጁ ሰባተኛ ክፍል ከነበረ ጀምሮ ነው የሚሉት። አሁን ሯጬን አስቀርቼ አጠገቡ ባቆም፣ ‘አሠልጣኙ ለልጁ ሞግዚት ቀጠረለት’ ይላሉ። አምስት አጋች ለሌላው ልጅ በቅቶት ለሱ ስድስት። እያንዳንዱን ቃል ከአሁኑ እሰማዋለሁ።»

«ሞግዚት!»

«ሌላ ወርዋሪ ቢሆን ኖሮ…» አለና ቆመ።

«ጨርሰው።»

«ሌላ ሰው የወለደው ቢሆን ኖሮ የዛሬ ወር ነበር ቹይን አጠገቡ የማቆመው።» ዐይኑን አላነሳም። «ምን መደረግ እንዳለበት አውቃለሁ እማዬ። ማንም እንዲነግረኝ አልፈልግም። ማድረጉ ነው ያቃተኝ። ሰሌዳው ፊት ቆሜ እጄ አልታዘዝ ይለኛል።»

አርዲት ለረጅም ጊዜ አየችው። ልትመታው ፈለገች፤ ልታቅፈውም ፈለገች፤ ሁለቱንም ለመሥራት ዕድሜዋ አልፏል።

«አየህ» አለች፣ «የማደያው ወንዶች ለስላሳቸውን ጠጥተው ወደየቤታቸው ይገባሉ። አፋቸውን ጠርገው ይተኛሉ። ያ ልጅ ደግሞ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ በር ሲዘጋ ይደነግጣል።»

ሮይስ ቀና አለ። «ይደነግጣል?»

«ወተት ደፍቷል። ከዚህ በኋላ ኳስ አልነካም ብል ትቀየሚኛለሽ ወይ ብሎ ጠይቆኛል።»

ሮይስ ኬኩን ሳይጨርስ ተነሳ። በሩ ላይ ባርኔጣውን ይዞ ቆመ፤ ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ፣ እንዳይሰማ አድርጎ ዘጋና ወጣ። አርዲት ገባው ብላ አሰበች። ለአራት ቀን ገብቶት ነበር መሰለኝ።

ያ ሳምንት የድሮ ተማሪዎች ወደ ከተማው የሚመለሱበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት ሴት ልጅ ሁሉ ሳህን የሚያህል አበባ ደረቷ ላይ ትሰካለች፤ ከአበባው ላይ እስከ ጉልበት የሚደርስ ሪባን ይወርዳል፤ በየሪባኑ ላይ ትናንሽ ቃጭሎች ተሰፍተዋል። አርዲት ጣቷ እስኪቆስል ስትሰፋ ሰነበተች። አርብ ጠዋት ልጃገረዶቹ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ከተማው በሙሉ እንደ በጎች መንጋ ቃጨለ፤ ብናኙ በቃጭሉ ላይ ይወርዳል፤ ፀሐይዋም እንደ ማር ወፍራም ነበረች።

በዚያ አርብ የመጣው ቡድን የኔዘርቢ ከተማ ነው። በቀኝ ጫፋቸው የሚቆም አንድ ልጅ አላቸው፤ ቁመቱ የበር መቃን ነው፣ ሩጫው የፈረስ። ፀሐይ በጥጡ ማዶ እየጠለቀች ሳለ ጨዋታው ተጀመረ። አርዲት አንገቷን አሰገገች። ቹይ ከብራንት ጎን ቆሟል። ኳሱ ተነሳ።

ቹይ ወደ ዳር ሮጠ።

«ኧረ የእናቴ ልጅ!» አለ ሎኒ።

አርዲት ያ መቃን የሚያህል ልጅ መጋረጃውን ገልጦ ሲገባ አየችው፤ ብራንት ወደኋላ ሲራመድ አየችው፤ ልክ እንደ ሕልሟ ቀስ ብሎ፣ ፊቱ ወደ እሷ ሆኖ። ሲገናኙ ድምፁ ደረጃው ድረስ መጣ። በአራቱም የሜዳ ዳር ያሉ ልጃገረዶች ትንፋሻቸውን ያዙ፤ ቃጭሉ ሁሉ ዝም አለ። ከዚያ ብራንት ተነሳ፤ ቃጭሉም ተመለሰ።

እንዲህ ቀጠለ። ቡድኑ አንድ ያርድ ይሄዳል፣ ስምንት ይመለሳል። ቹይ ዳር ላይ ሁለት እጁን አንስቶ እንደሚሰምጥ ሰው ያውለበልባል፤ የሚያየው የለም። ቡድኑ ኳሱን ለግቶ ይሰጣል፤ ኔዘርቢ ቅርብ መሬት ላይ ተቀብሎ ያገባል። ሮይስ ሜዳው ዳር ቆሟል፤ እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፏል፤ ከጀርባው የማደያው ወንዶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አርዲት የልጇን አንገት ከሩቅ አየችው። አንገቱ ወደኋላ የሚያዳምጥ አንገት ነበር። እሱም ከኋላው ኮቴ ይሰማል።

እረፍቱ ሊደርስ ሲል ያ ነገር ሆነ። ኳሱ ተነሳ፤ በዚያች ቅጽበት መጋረጃው ልጅ እንደ ምንም ብሎ መቃኑን ያዘው፣ አገደው። ብራንት ፊት ማንም አልነበረም። ሜዳው ክፍት ነው። ሩቅ አንድ ልጅ ብቻውን ይሮጣል። ብራንት ግን ትከሻውን ጆሮው ድረስ አወጣ፣ ኳሱን በሁለት ክንዱ አቀፈ፣ ማንም ሳይነካው ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ተጣጠፈ።

በዚያ ሜዳ ብዙ ጩኸት ተሰምቷል፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን ተሰምቶ አያውቅም። ብናኙ ሲወርድ የሚሰማ መሰለ። ከዚያ ከነዳጅ ማደያው ወንዶች አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ብቻውን ቀረና አፈረ።

ሎኒ ከረጢቱን መሬት አስቀመጠ። «አርዲት» አላት።

በእረፍቱ ከተማሪዎቹ መካከል የዓመቱ ንጉሥና ንግሥት ይመረጣሉ። ዕጩዎቹ ከወላጆቻቸው ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ ሜዳው መሀል ይወጣሉ፤ ተጫዋች የሆነው ዕጩ ላቡን ሳይጠርግ፣ ከነትከሻ መከላከያው ይወጣል። ብራንት ዕጩ ነበር፤ ቹይም ዕጩ ነበር። አርዲት የፋሲካ ኮቷን ለብሳ ከደረጃው ወረደች፤ ሎኒ ክንዱን ሊሰጣት ሲነሳ ገፋችው። የሜዳው በር ላይ ብራንት የራስ ቁሩን ይዞ ይጠብቃት ነበር። ክንዱን ያዘችው።

«ማንም አልነካኝም እማማ» አለ።

«አይቻለሁ።»

«እማማ፣ ማንም አልነካኝም።»

«አይቻለሁ አልኩህ። ቀጥ ብለህ ሂድ። ሰው ፊት ለፊት ሲሄድ ደስ ይላል።»

በግራው ሮይስ መጥቶ ያዘው። ሦስቱም መሄድ ጀመሩ። ባንዱ ቀስ ያለ ዜማ ይነፋል፤ ሣሩ ላይ የወረደው ጥጥ ከጫማቸው ሥር ይነሳና ጉልበታቸው ላይ ይዞራል። መብራቱ ከአራት ማዕዘን ስለሚያበራ ለእያንዳንዳቸው አራት አራት ጥላ አላቸው፤ አርዲት አጎንብሳ ስታይ ከእነሱ ጋር ብዙ ሰው የሚሄድ መሰላት፣ ከጥላዎቹም አንዱ ባልዲ የያዘ መሰላት። የደረጃው ሕዝብ ፊት የለውም፤ ከብርሃኑ ማዶ የሚተነፍስ ጨለማ ብቻ ነው። ሰው ይህን ያህል ፈርቶት የኖረው ይሄንን ነው? ብላ ተገረመች። ፊት እንኳ የለውም።

መሀል መስመሩ ላይ ቆሙ። በቀኛቸው፣ ጥቂት እርምጃ አለፍ ብሎ፣ ቹይ ከአያቱ ጋር ቆሟል፤ አሮጊቷ ደረቱ ድረስ ናት። ቹይ ዐይኑን ከብራንት ላይ አላነሳም።

ድምፅ ማጉያው አጉረመረመ። «ብራንት ሆሊስ!» አለ ሰውዬው። «ከአባቱ ከአሠልጣኝ ሮይስ ሆሊስ ጋር… እና ከአሠልጣኙ እናት ጋር!»

ሕዝቡ አጨበጨበ፤ ጭብጨባው ውኃ ውስጥ እንዳለ ነበር የሚመጣው። አርዲት የአሠልጣኙ እናት መባሏን ሰማች። ሌላ ቀን ቢሆን ለአንድ ወር ትቆጣ ነበር።

«ሮይስ» አለች፣ ፊቷን ወደ ሕዝቡ አድርጋ፣ ጥርሷን ሳታሳይ።

«እማዬ፣ አሁን አይደለም። ሰው እያየ ነው።»

«ለዚህ እኮ ነው አሁን የሆነው።» የልጅ ልጇን ክንድ ሳትለቅ በፊቱ አልፋ የልጇን እጅጌ ያዘች። «ዕድሜ ልኬን እዚህ ሜዳ ሳልጠራ ኖሬያለሁ። አልሞትኩም። ሰው ሳይጠራም ይኖራል፣ ሲታማም ይኖራል። ይሄ ልጅ ግን ዛሬ ማንም ሳይነካው ወደቀ። የደፋው ኔዘርቢ አይደለም።»

ሮይስ ፊቱ ነጣ። ብናኙ ባርኔጣው ላይ፣ ትከሻው ላይ ያርፋል። «አውቃለሁ» አለ በሹክሹክታ።

«ማወቅህን ነግረኸኛል። ማወቅህ ምንም አልጠቀመንም።»

«አባባ» አለ ብራንት፣ መሬት መሬት እያየ። «ቹይ ከኔ ጋር እንዲቆም እፈልጋለሁ።» ድምፁ ተሰበረ፤ እንደገና ጀመረ። «ያሉትን ይበሉኝ።»

ሮይስ ልጁን አየው። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ፣ አሠልጣኝ ሳይሆን አየው። አፉ ተንቀሳቀሰ። «ልብስ መቀየሪያው ውስጥ እነግረዋለሁ» አለ። «ስንገባ። ወዲያው።»

«የለም» አለች አርዲት።

«እማዬ…»

«በር ዘግተህ አትነግረውም። እሑድ በር ዘግተህ ወጣህ፤ ያመጣኸውን አየሁት። ሰሌዳው ፊት ስትቆም እጅህ ካልታዘዘህ ሰሌዳ የለም እዚህ። ማደያውም ይኸውልህ፣ ባንኩም ይኸውልህ፣ ከተማው በሙሉ ተቀምጦ እያየህ ነው፤ ከዚህ የበለጠ ሊያይህ አይችልም።» እጅጌውን ወደ ቀኝ፣ ቹይ ወደ ቆመበት ጎተተችው። «ልጁ እዚያ ነው። እኔም ሳላይ ከዚህች መስመር አልነቃነቅም። ጥራውና መጥቶ ከልጅህ ጎን ይቁም። ጮክ ብለህ፣ በስሙ ጥራው።»